ማለቢያው ደረሰ፣ ረዳቷስ? የጡት ማጥባት ድጋፍ በአሜሪካ የሕዝብ ጤና መድን

የእናት ጡት በወተት የሚሞላው ልጅ በተወለደ ማግስት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በሦስተኛውና በአምስተኛው ቀን መካከል ነው። እስከዚያ አራሷ ያላት እንገር ነው፤ መጠኑ ጥቂት ነው፣ ለሕፃኑ ግን ይበቃል። ጡት የሚጋተው፣ ጫፉ የሚሰነጠቀው፣ ሕፃኑ አልይዝም ብሎ የሚያለቅሰው፣ እናቲቱም «ወተት የለኝም» ብላ ጡጦ የምታነሣው በእነዚሁ ቀናት ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1996 የወጣ ሕግ መድን ድርጅቶች በተፈጥሮ መንገድ ለወለደች እናት ከ48 ሰዓት፣ በቀዶ ሕክምና ለወለደች ደግሞ ከ96 ሰዓት ያነሰ የሆስፒታል ቆይታ እንዳይፈቅዱ ከልክሏል። ሰዓቱን ከወተቱ ቀን ጋር ስናስተያየው፣ በተፈጥሮ መንገድ የወለደችው እናት ችግሩ ሊጀምራት ሲል ከሆስፒታሉ በር ትወጣለች ማለት ነው። ከበሩ ወዲያ ለሚያስፈልጋት እርዳታ ማን ይከፍላል?

ጥያቄው የሂሳብ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን «የጡት ማጥባት ድጋፍ» የሚለው አንድ ስም ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን ጠቅልሎ ይዟል። ከወሊድ በፊት የሚሰጥ ትምህርት አለ። የሕፃኑን አያያዝ አይቶ የሚያስተካክል፣ ተራውን የጡት ውጥረት ከቁስለት የሚለይ የሠለጠነ እጅ አለ። ራሷ አጥብታ ያሳደገች፣ የእናቲቱን ሰፈርና ቋንቋ የምታውቅ የአቻ አማካሪ አለች። ዕቃም አለ፦ ማለቢያ ማሽን፣ የወተት ማጠራቀሚያ ከረጢት፣ የመሳሰለው። መድን ለአራቱም እኩል አይከፍልም። ያለፉት 15 ዓመታት የአሜሪካ ታሪክ የሚያሳየው፣ የሕዝብ መድን አራተኛውን መግዛት ቶሎ እንደ ለመደ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ግን አሁንም እንደሚከራከር ነው።

ክርክሩ የጥቂቶች ጉዳይ አይደለም። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የፌደራሉ መንግሥትና ግዛቶች በጋራ የሚከፍሉበት ሜዲኬይድ ከአሜሪካ ወሊዶች 40 በመቶ ገደማውን ይሸፍናል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ከኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከመድን በፊት

በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአሜሪካ ጡት ማጥባት ከሞላ ጎደል ተረስቶ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከወለዱ እናቶች ልጃቸውን ጡት ማስያዝ የሚጀምሩት ከአራቱ አንዷ ገደማ ብቻ ነበሩ። ሐኪሙ የዱቄት ወተቱን መጠን በወረቀት ጽፎ ይሰጣል፤ አያት ደግሞ ራሷ በጡጦ ያሳደገች ስለሆነች የምታስተምረው የላትም። ዕውቀቱን ያቆዩት በ1956 ኢሊኖይ ውስጥ ላ ሌቼ ሊግን የመሠረቱ ሰባት እናቶችና እነሱን የመሰሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ስልክ ያነሣሉ፣ ሳሎናቸው ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ ገንዘብ ግን አይቀበሉም። ከዚሁ እንቅስቃሴ ውስጥ በ1985 የዓለም አቀፍ ጡት ማጥባት አማካሪዎች ፈታኝ ቦርድ ወጣ፤ ሙያው ፈተናና የምስክር ወረቀት ኖረው። ይህ አመጣጥ ልብ ሊባል ይገባዋል። ዕውቀቱ የተጠራቀመው ከእናቶች ነው፤ መድን የሚያውቀው ደግሞ የምስክር ወረቀት ብቻ ነው። ወደ ኋላ የምናየው የፈቃድ ጠብ ዘሩ የተዘራው እዚህ ላይ ነው።

በመንግሥት በኩል ለድሃ እናቶች ድጋፉ የመጣው በጤና ጥበቃ በር አይደለም፤ በግብርና ሚኒስቴር በር ነው። ዊክ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የእናቶችና የሕፃናት ምግብ ድጎማ በ1972 በሕግ ተፈቅዶ በ1974 ሥራ ጀመረ። ይኸው ፕሮግራም ከ2004 ጀምሮ የአቻ አማካሪዎችን እየቀጠረ ያሰማራል፤ እናቲቱ ምንም አትከፍልም፣ የመድን ካርድም አትጠየቅም። የሚያስገርመው ግን ያው ፕሮግራም በአገሪቱ ከሚሸጠው የሕፃናት የዱቄት ወተት ግማሽ ያህሉ የሚያልፍበት መሆኑ ነው። አንድ ቢሮ በአንድ እጁ አማካሪ፣ በሌላው ቆርቆሮ ይዞ ይቆማል። ተቺዎች ይህን እንደ ግብዝነት ይቆጥሩታል። እኔ ግብዝነት አልለውም፤ የማታጠባ እናትም ልጅ አላትና። 

በእኛ አገር ልማድ ይህ ሥራ የአራስ ቤት ሥራ ነበር። እናት፣ አማት፣ ጎረቤት ገንፎውን ሲያቀርቡ ጡት አያያዙንም ያያሉ። ምክሩ ሁሉ ደግ ነበር ማለት አይደለም፤ እንገርን አልቦ መድፋት፣ ለአራስ ልጅ ቅቤ ማቅመስ ከዚሁ ምክር ጋር የመጡ ናቸው። ነገር ግን ሰው ነበር። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ በሚገኝ አፓርትማ ውስጥ የምትወልድ ኢትዮጵያዊት እናት ባሏ ለሥራ ሲወጣ ብቻዋን ትቀራለች። ለእሷ የመድኑ ጥያቄ የጎደለውን የአራስ ቤት ሰው ማን ይተካል የሚል ጥያቄ ነው።

ሕጉ፣ እና ሕጉ ያለፋቸው

የመከላከል ሕክምናን እየመረመረ ደረጃ የሚሰጠው የአሜሪካ የባለሙያዎች ግብረ ኃይል በ2008 ጡት ማጥባትን የሚደግፉ አገልግሎቶችን በሁለተኛው ከፍተኛ ደረጃ አስቀመጣቸው፤ በ2016ም አጸናው። በ2010 የወጣው የኦባማ የጤና ሕግ እንዲህ ያለ ደረጃ ያገኘ አገልግሎት ያለ ታካሚ ክፍያ እንዲሰጥ ደነገገ። በነሐሴ 2011 የጸደቀው የሴቶች የመከላከያ አገልግሎት መመሪያ ደግሞ አጠቃላይ የጡት ማጥባት ድጋፍን፣ ምክርንና መሣሪያን በግልጽ ጠቀሰ። ግዴታው ከነሐሴ 2012 ጀምሮ በሚታደሱ መድኖች ላይ ጸና። በኋላ የተሻሻለው መመሪያ የአቻ አማካሪዎችንና በሁለቱም ጡት የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማለቢያን ጭምር በስም ጠርቷል።

ዜናው «ጡት ማጥባት በመድን ተሸፈነ» ተብሎ ተነገረ። የተሸፈነው ግን በማን መድን ነው? ግዴታው የደረሰው በግል መድኖች ላይና በአዲሱ ሕግ ሜዲኬይድ ውስጥ በገቡ አዋቂዎች ላይ ነው። ከ1965 ጀምሮ ያለው ነባሩ ሜዲኬይድ፣ እናት ነፍሰ ጡር በመሆኗ የምትገባበት መደብ ጭምር፣ ከግዴታው ውጭ ሆነ። ለእሱ የተሰጠው ማባበያ ነበር፦ እነዚያን የመከላከያ አገልግሎቶች ያለ ክፍያ ለሸፈነ ግዛት ፌደራል መንግሥቱ የወጪ ድርሻውን በአንድ መቶኛ ነጥብ ከፍ ያደርግለታል። ብዙ ግዛቶች ለዚህች ነጥብ አልቸኮሉም። ዋስትናው ለባለ ደመወዟ ጠንካራ፣ ለድሃዋ ልል ሆኖ ቀረ።

የሜዲኬይድ ፌደራል ጽሕፈት ቤት በ2012 መጀመሪያ ባወጣው ማብራሪያ ግዛቶች ጡት ማጥባትን ከእርግዝና ጋር እንደተያያዘ አገልግሎት ቆጥረው ሊከፍሉ እንደሚችሉ አስታወቀ። ሊከፍሉ ይችላሉ እንጂ ይገደዳሉ አላለም። በ2013 ደግሞ አንዲት ቃል ተለወጠች። የመከላከያ አገልግሎት ፈቃድ ያለው ባለሙያ «የሚሰጠው» መሆን አለበት ይል የነበረው ደንብ፣ ከ2014 ጀምሮ ፈቃድ ያለው ባለሙያ «የመከረው» ከሆነ ይበቃል ተባለ። ሐኪሙ ይመክራል፣ የሐኪም ፈቃድ የሌላት አማካሪ ትሠራዋለች፣ ሜዲኬይድ ይከፍላል። በሩ ተከፈተ፤ መግባት አለመግባት ለእያንዳንዱ ግዛት ተተወ። ስለዚህ ዛሬ «ሜዲኬይድ ይሸፍናል ወይ?» ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ «የት ነው የምትኖሪው?» የሚል ሌላ ጥያቄ ነው።

የጊዜ ገደቡም ነበር። በእርግዝና ምክንያት ሜዲኬይድ ያገኘች እናት ሽፋኗ ከወሊድ በኋላ በ60 ቀን ገደማ ያበቃ ነበር። ሐኪሞች ስድስት ወር ጡት ብቻ እንድትሰጥ ይመክሯታል፤ መድኗ በሁለተኛው ወር ይሰናበታታል። በ2021 የወጣ ሕግ ግዛቶች ሽፋኑን ወደ 12 ወር እንዲያራዝሙ ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ ፈቀደ፤ አብዛኞቹም አራዘሙ። በዚህ ጉዳይ ላይ ከተደረጉት ሁሉ ለድሃዋ እናት ትልቁን ለውጥ ያመጣው፣ ጡት ማጥባት የሚል ቃል የሌለበት ይህ ሕግ ይመስለኛል።

አንድ ስውር ብልሃትም አለ። ከሜዲኬይድ እናት የተወለደ ሕፃን እስከ አንድ ዓመቱ ሽፋኑ አይቋረጥበትም። የእናት ሽፋን በ60 ቀን በሚያበቃበት ዘመን፣ የምክሩ ሂሳብ በሕፃኑ ስም «የመመገብ ችግር» ተብሎ ሊቀርብ ይችል ነበር። ታካሚዋ ማን ናት፣ እናት ወይስ ልጅ? ጡት ማጥባት ሁለት አካላት የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ የሂሳብ ቅጹ ላይ ግን የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው የሚጻፈው።

ለምን ማለቢያው ቀደመ?

የኤሌክትሪክ ማለቢያ ለመድን የተመቸ ዕቃ ነው። የክፍያ መለያ ቁጥር አለው፣ ዋጋው ይታወቃል፣ አቅራቢው በፖስታ ይልከዋል፣ መድረሱም በፊርማ ይረጋገጣል። ረዳቷ እንዲህ አይደለችም። ምን ያህል ተምራለች፣ ፈቃድ አላት ወይ፣ በመድኑ ዝርዝር ገብታለች ወይ፣ ቤት ድረስ ሄዳ አንድ ሰዓት ተኩል ብትቀመጥ ስንት ይከፈላታል የሚሉት ሁሉ መልስ ይፈልጋሉ። ለማለቢያው የግዥ መምሪያ ይበቃል፤ ለረዳቷ የሙያ ሥርዓት መገንባት ያስፈልጋል።

የግል መድኖችም እንኳ በዚህ ተሰናክለዋል። በጥቅምት 2015 ሦስት የፌደራል መሥሪያ ቤቶች በጋራ ማብራሪያ ለማውጣት ተገደዱ፦ መድኑ በዝርዝሩ ውስጥ አማካሪ ከሌለው ከዝርዝሩ ውጭ ላለችው ያለ ታካሚ ክፍያ ይክፈል፤ ድጋፉን በሆስፒታል ቆይታ ብቻ አይገድበው፤ ያሉትን አማካሪዎች ዝርዝር ለእናቶች ይስጥ። ይህን መናገር ማስፈለጉ ብቻውን ብዙ ይናገራል። በወረቀት ላይ ሙሉ ሽፋን ያላት እናት ስልክ ስትደውል የሚሰጣት ስም አልነበረም።

ማለቢያውን የሚከላከሉም ምክንያት አላቸው። በአሜሪካ ለሁሉም ሠራተኛ የሚከፈልበት የወሊድ ፈቃድ የሚሰጥ ፌደራል ሕግ የለም፤ በ1993 የወጣው ሕግ ያለ ደመወዝ 12 ሳምንት ነው፣ እሱንም ሁሉም ሠራተኛ አያገኘውም። ወደ መጋዘን ወይም ወደ ምግብ ቤት ሥራ በሦስተኛው ሳምንት ለምትመለስ እናት ማሽኑ ቅንጦት አይደለም፤ ማጥባቷን የሚያስቀጥልላት እሱ ብቻ ነው። በታኅሣሥ 2022 የወጣው ሕግም በሥራ ቦታ የማለብ ጊዜና ከመጸዳጃ ቤት የተለየ ስፍራ የሚያገኙ ሠራተኞችን ቁጥር አስፍቷል። ተቺዎቹ የሚሉት ደግሞ ሌላ ነው፦ ማሽን የሕፃንን አያያዝ አያስተካክልም፣ አገሪቱም እናቶችን ቤት ማቆየት ሲያቅታት ማሽን በመስጠት ራሷን ታጽናናለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የሚናገሩት ግን ስለ ተለያየ ወር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስፈልገው ሰው ነው፣ በሦስተኛው ወር ማሽን። መድኑ የሁለተኛውን መልስ ለመጀመሪያው ጥያቄ ሰጠ።

ባለሙያ የምትባለው ማን ናት?

ሜዲኬይድ ለሰው ይክፈል ከተባለ ለየትኛዋ? በዓለም አቀፉ ቦርድ የተፈተነችው አማካሪ የጤና ትምህርትና ብዙ ሰዓት የሥራ ልምምድ ኖሯት ከባድ ፈተና ያለፈች ናት። ከእሷ በታች በቀናት ሥልጠና የምስክር ወረቀት የሚያገኙ አሉ፤ ቀጥለውም የአቻ አማካሪዎች።

አንደኛው ወገን የግዛት የሙያ ፈቃድ ይውጣ ይላል። ክርክሩ ተግባራዊ ነው፦ መድን የሚከፍለው ፈቃድ ላለው ነው፣ ፈቃድ ከሌለ ሙያው ሁልጊዜ በነርስ ወይም በሐኪም ጥላ ሥር ይኖራል። ኒው ዮርክ በ2013 ሜዲኬይዷን ለአማካሪዎች ስትከፍት በቦርዱ መፈተን ብቻ አልበቃም፤ አማካሪዋ ሌላ የጤና ሙያ ፈቃድም እንዲኖራት ተጠይቋል። ሮድ አይላንድ በ2014 ለራሱ ለሙያው ፈቃድ በማውጣት ቀዳሚ ሆነች።

ሌላው ወገን ፈቃድ አጥር ነው ይላል። የቦርዱ ፈተና ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል፤ ጥቁር እናቶችና ስደተኞች በሚኖሩበት ሰፈር እየሠሩ ያሉት ደግሞ አብዛኞቹ አነስተኛ ሥልጠና ያላቸው ናቸው። ጠቡ በጆርጂያ ፍርድ ቤት ደረሰ። ግዛቷ በ2016 ያወጣችው ሕግ ለክፍያ የጡት ማጥባት ክብካቤ የሚሰጥ ሰው የቦርዱን ደረጃ የሚያሟላ ፈቃድ እንዲይዝ ያዝ ነበር። ጥቁር ቤተሰቦችን የሚያገለግል ሮዝ የተባለ ድርጅት ከሰሰ። የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት 2023 ሕጉን ሻረ፤ መንግሥት ያልተፈተኑት አማካሪዎች በሕዝብ ላይ ጉዳት ማድረሳቸውን አላሳየም፣ ሕጋዊ ሥራ የመሥራት መብትንም ያለ በቂ ምክንያት ገድቧል አለ።

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች እንደ አንድ እየተቆጠሩ ነው። ማን ይሥራ የሚለውና ለማን ከሕዝብ ገንዘብ ይከፈል የሚለው የተለያዩ ናቸው። ፍርድ ቤቱ የመለሰው የመጀመሪያውን ነው። አንዲት ሴት እንድትሠራ መፍቀድ ሜዲኬይድ እንዲከፍላት አያስገድድም፤ በአንጻሩም መድን ለተፈተነችው ብቻ መክፈሉ ሌላዋን ከሥራ መከልከል አይደለም። የሁለቱ ወገኖች ጭቅጭቅ ማለቂያ ያጣው ይህን ባለመለየቱ ጭምር ነው። ሁለቱን በአንድ ሥርዓት ውስጥ ማሠራት፣ ቀላሉን ጉዳይ ለአቻ አማካሪ፣ የተወሳሰበውን ለተፈተነችው፣ በደንቡ የሚቻል ነገር ነው። የክፍያው ተመን ግን ብዙ ጊዜ ለአንዷ እንኳ አይበቃም።

ማስረጃው የሚናገረውና የማይናገረው

ድጋፍ ይሠራል ወይ? በዚህ ላይ ማስረጃው ጠንካራ ነው፣ ግን ትሑት ነው። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን በ2022 ያደሰው ግምገማ ከ42 አገሮች የተሰበሰቡ 103 ሙከራዊ ጥናቶችን፣ ከ98 ሺህ በላይ እናቶችንና ሕፃናትን አካቷል። ድጋፍ ያገኙ እናቶች በስድስት ወር ማጥባት የማቆም ዕድላቸው 7 በመቶ፣ ጡት ብቻ መስጠት የማቆም ዕድላቸው ደግሞ 10 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ትንሽ ነው የሚል ይኖራል። ቁጥሩ ግን የአንድ ዓይነት ድጋፍ ውጤት አይደለም፤ ደካማውና ጠንካራው አብረው ተደምረውበታል። ከአራት እስከ ስምንት ጊዜ በቀጠሮ የሚደረግ ድጋፍ የተሻለ ሊሆን እንደሚችልም ግምገማው ይጠቁማል። ይህ ለመድን ሰው ትልቅ ነገር ነው፦ አንድ ጉብኝት የሚከፍል ሽፋን ሽፋን ይባላል፣ ጥናቱ የሚያውቀው አገልግሎት ግን አይደለም።

ትልቁ ሙከራ የተደረገው በቤላሩስ ነው። በ31 ሆስፒታሎች 17,046 እናቶችና ሕፃናት የተካተቱበት፣ በ2001 የታተመው ጥናት የሆስፒታል አሠራርን መለወጥ በሦስተኛው ወር ጡት ብቻ የሚሰጡትን ከ6.4 በመቶ ወደ 43.3 በመቶ እንዳሳደገ፣ የሕፃናት ተቅማጥንም እንደቀነሰ አሳይቷል። ሆኖም ቤላሩስ ውስጥ እናት እስከ ሦስት ዓመት ቤት ለመቆየት መብት ነበራት። ያንን ውጤት ሦስት ሳምንት ፈቃድ ወዳላት አሜሪካዊት ማዛወር ድፍረት ይጠይቃል። ወደ ሜዲኬይድ እናቶች ይበልጥ የሚቀርበው በኒው ዮርክ ብሮንክስ የተደረገውና በ2014 የታተመው ሥራ ነው፤ ከወሊድ በፊትና በኋላ በክሊኒኩ ውስጥ የምትገኝ አማካሪ በሦስተኛው ወር የማጥባቱን መጠን ከፍ አድርጋለች።

ሕጉ ራሱስ? በ2017 የታተመ ጥናት የመድን ግዴታው ጡት ማጥባት የሚጀምሩትን በ2.5 መቶኛ ነጥብ አሳድጓል አለ። ከዚያው ቡድን በ2018 የወጣው በሌላ መረጃ የተሠራ ጥናት ደግሞ መጀመር ላይ ለውጥ አላገኘም፤ የማጥባቱን ዕድሜ ግን ግማሽ ወር ያህል አርዝሟል አለ። አለመስማማቱ ከመረጃው ዓይነት ይመጣል። ከውጤቱ በላይ የሚያሳስበው ግን የመጀመሪያው ጥናት ዘዴ ነው። ባለ ግል መድኖችን ያነጻጸረው ከሜዲኬይድ እናቶች ጋር ነው፤ ለማነጻጸሪያ የተመረጡት ሕጉ ስላልደረሰባቸው ነው። ድሃዋ እናት በጥናቱ ውስጥ መድኃኒቱን ያልቀመሰችው ወገን ሆና ገባች።

ከዚህ ሌላ የገንዘቡ ስሌት አለ። በ2010 የወጣ ታዋቂ ስሌት ከአሜሪካ እናቶች 90 በመቶው ለስድስት ወር ጡት ብቻ ቢሰጡ አገሪቱ በዓመት 13 ቢሊዮን ዶላር ታተርፋለች፣ የ911 ሰዎች ሞትም ይቀራል ብሏል። ሞቱን እያንዳንዱን 10.56 ሚሊዮን ዶላር አድርጎ ስለተመነው ከ13ቱ ቢሊዮን ከ9 በላይ የሚሆነው የሕይወት ተመን ነው። ይህ ለሕዝብ ጤና ተመራማሪ ትክክለኛ ሂሳብ ሊሆን ይችላል፤ ለሜዲኬይድ በጀት ኃላፊ ግን የሚገባ ገንዘብ አይደለም። መድኑ ዛሬ ይከፍላል፣ ትርፉ ከዓመታት በኋላ ወደ ሌላ ኪስ ይገባል። በተቃራኒው ወገን በ2014 የወጣ ጥናት በአንድ ቤት ያደጉ፣ አንዱ የጠባ ሌላው ያልጠባ ወንድማማቾችንና እኅትማማቾችን ሲያነጻጽር ብዙዎቹ የረጅም ጊዜ ልዩነቶች ጠፍተውበታል። ይህ የተቅማጥና የጆሮ ሕመም ማስረጃን አያፈርስም፤ ጥናቱ የጠየቀው ስለ ትልልቅ ልጆች ነውና። ነገር ግን ሽፋንን በብልህነት ወይም በውፍረት ላይ መከላከል አሸዋ ላይ መቆም ነው። የበለጠ የሚያስኬደው ክርክር ሌላ ነው፦ እናቲቱ ማጥባት ፈልጋለች፣ አሟታል፣ ሕመሟም ሊታከም ይችላል። ለሌላው የጤና ችግር ሁሉ መድን የሚከፍለው ቢሊዮኑን አስቆጥሮ አይደለም።

መድን ይግዛው ወይስ መንግሥት ይላከው?

በአንዳንድ አገሮች ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። በጀርመን የሕዝብ መድኑ ቤት ድረስ ለምትመጣ አዋላጅ ይከፍላል፤ ከወሊድ በኋላ እስከ 12 ሳምንት፣ ለማጥባት ችግር ደግሞ ከዚያም በኋላ ተጨማሪ ምክክር ይፈቅዳል። በኔዘርላንድስ የአራስ ተንከባካቢ በመጀመሪያው ሳምንት ቤት እየመጣች ትውላለች፤ መሠረታዊ መድኑ ከ24 እስከ 80 ሰዓት ይሸፍናል፣ እናቲቱም በሰዓት ትንሽ ትጨምራለች። በሁለቱም አገሮች ጡት ማጥባትን መርዳት ሌላ ባለሙያ የሚፈለግለት አገልግሎት አይደለም። ቤት የምትመጣው ሴት ሥራ ነው።

ኢትዮጵያም ከመድን ሌላ መንገድ ይዛለች። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ2003 ሲጀመር ደመወዝተኛ ሴት ባለሙያዎችን ወደ ቀበሌ አወረደ፤ የእናቶችና የሕፃናት አገልግሎትም ከክፍያ ነጻ ከሆኑት ውስጥ ነው። በ2011 በ13 ወረዳዎች የተሞከረው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የመጣው ሌላውን ሕክምና ለመሸፈን ነው። ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚሰጣቸው በ2005 49 በመቶ፣ በ2019 59 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል። ለውጡን ለአንድ ፕሮግራም ብቻ መስጠት አይቻልም፤ ባለሙያዋም ሌላ አሥራ ምናምን ሥራ አለባት። ከተማ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን አላት፤ ስድስት ወሩ ገና እንደ ተጋመሰ ወደ ቢሮ ትመለሳለች፣ ማለቢያም ሆነ አማካሪ የሚከፍልላት የለም። የአሜሪካዋ ችግር በሌላ መልክ አዲስ አበባ ገብቷል።

ልዩነቱን ግልጽ ማድረግ ይጠቅማል። መድን የሚከፍለው እናቲቱ ችግሯን አውቃ፣ ሰው ፈልጋ፣ ካገኘች በኋላ ነው። የሚላክ አገልግሎት ግን ሳይጠራ ይመጣል። በሦስተኛው ቀን እንቅልፍ አጥታ የምታለቅስ አራስ የመድን ዝርዝር ትገልብጥ ማለት ብዙ መጠየቅ ነው። በሌላ በኩል የሚላከው አገልግሎት በጀቱ ሲቀነስ ድምፅ ሳያሰማ ይሞታል፤ መድን ቢያንስ ሊከሰሱበት የሚቻል መብት ይሰጣል።

ዛሬ ክርክሩ የደረሰበት

በሰኔ 2025 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለጡት ማጥባት ድጋፍ ደረጃ የሰጠውን የባለሙያዎች ግብረ ኃይል አወቃቀር ሕገ መንግሥታዊ ነው ብሎ አጸና። ያጸናው ግን አባላቱ ለጤና ሚኒስትሩ ተጠሪ ናቸው፣ ሚኒስትሩም ምክራቸውን ሊመረምር ይችላል በሚል ነው። ሽፋኑ የተተከለበት መሬት ከሳይንስ ጉባኤ ወደ ሹም ጠረጴዛ ቀረብ አለ።

ስደተኞችን በተመለከተ በ1996 የወጣ ሕግ በዲቪ የገባችን ዓይነት ባለ አረንጓዴ ካርድ እናት ለፌደራል ሜዲኬይድ አምስት ዓመት ያስጠብቃታል። በ2009 የወጣ ሕግ ግዛቶች ለነፍሰ ጡሮችና ለልጆች ይህን ጥበቃ እንዲያነሡ ፈቅዷል፤ ብዙዎቹም አንሥተዋል። በሐምሌ 2025 የጸደቀው የበጀት ሕግ ደግሞ ከጥቅምት 2026 ጀምሮ ለሜዲኬይድ የሚበቁትን የስደተኛ ዓይነቶች ያጠብባል፤ እስከ ዛሬ ሳይጠብቁ ይገቡ የነበሩ ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችም ይነካሉ።

የቋንቋው ነገር ከሁሉ ያነሰ የተነገረለት ነው። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ሰነድ ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ፌደራል ሕጉም ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የጤና አገልግሎት ሰጪ አስተርጓሚ በነጻ እንዲያቀርብ ያዛል። ለታካሚዋ ነጻ ነው፤ ወጪው ግን በአቅራቢው ላይ ይወድቃል፣ የሚተኩለትም አንዳንድ ግዛቶች ብቻ ናቸው። ሆስፒታል ይህን ይችለዋል። ቤት ለቤት የምትዞር አማካሪ፣ ለአንድ ጉብኝት ከሜዲኬይድ የምታገኘው ተመን ላይ የስልክ አስተርጓሚ በደቂቃ ሲቆጠርባት፣ አማርኛ ተናጋሪዋን እናት መቀበል ኪሳራ ይሆንባታል። «ጡቴ ጋተ» የሚለውን ያለ አስተርጓሚ የምትሰማው የአገር ልጅ የአቻ አማካሪ ደግሞ ብዙ ግዛቶች ውስጥ የመድን ቅጹ ላይ የምትጽፈው የሙያ መለያ ቁጥር የላትም።